የአስታዋሿ ዝምታ

አባቴ ሥራው ሰው ማስለቀስ ነበር። እቤት ውስጥ ግን ሰው ሲያለቅስ አይወድም፤ ራሱን ያመዋል። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ እንኳ «ወዲያ ሄደሽ አልቅሺ» ይለኝና በሩን ይዘጋል።

የቴአትር ደራሲ ነበር። ከራሱ ፈጥሮ የጻፈው ብዙ አይደለም። ሙያው ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ሲቀባበሉት የኖሩትን የፍቅር ታሪክ ማደስ ነበር፤ ያውም መጨረሻው ሞት የሆነውን። «ሰው ሲጋባ ለማየት ማንም ትኬት አይገዛም» ይላል። እማዬ ሳህን እያጠበች፣ «እውነት ነው፤ እኛም ተጋብተናል፣ ማንም መጥቶ አላየን» ትለዋለች።

ያን ዓመት የያዘው የታንኳ ቀዛፊውን ታሪክ ነበር። የአንድ ባለጠጋ ልጅ፣ ሰው ወንዝ የሚያሻግር ድሃ ትወዳለች። አባትየው ይሰማና አይሆንም ይላታል። ልጅቷ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ ውሃው ይወስዳታል። ቀዛፊውም ታንኳውን ለቆ ተከትሏት ይገባል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አባቴ ወንዙን እንዳለ ተወው። ባለጠጋውን ግን ኮት አልብሶ የእንጨት ነጋዴ አደረገው፣ ቤቱ ስልክ አስገባለት፣ ለታንኳው ሞተር ገጠመለት። ግጥሙን አውጥቶ ሁሉንም ሰው እቤቱ እንደሚያወራው አድርጎ አናገራቸው።

አንዲት ነገር ብቻ እምቢ አለችው። በጥንቱ ታሪክ ልጅቷ አባቷ «አይሆንም» ሲላት አንገቷን ደፍታ ትወጣለች እንጂ አንድ ቃል አትመልስም። «ይቺ ልጅ ዓይን እንጂ አፍ የላትም» ይላል አባቴ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ። «የዛሬ ተመልካች ይህን አይቀበለኝም። ልትሞት የምትሄድ ሰው አንድ ነገር ማለት አለባት። ምን ትበለው?» ይጽፋል፣ ይጨመድዳል፣ ይወረውራል።

የተወረወረውን የምትለቅመው እትዬ ነበረች።

እትዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበረች ያሳደጋት እሱ ነው። ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የእጅ ጽሑፉን ከእግዜር ቀጥሎ ማንበብ የምትችለው እሷ ነበረች። በታይፕ ትመታለታለች፣ መነጽሩን ትፈልግለታለች፣ ቴአትሩ ሲታይ ደግሞ አስታዋሽ ሆና ቃል ለጠፋባቸው ተዋንያን ቃል ታቀብላለች። እሱ ከክፍሉ ሲጠራት ከየትም ሆና «አቤት» ትላለች። እጇ ላይ ሳሙና እያለ አቤት። አፏ ውስጥ ጉርሻ እያለ አቤት። ትንሽ ሳለሁ ስሟ «አቤት» ይመስለኝ እንደነበር እማዬ እየሳቀች ታወራለች። እማዬ ስለ ሌላ ሰው ስታወራ እንደዚያ አትስቅም፤ እትዬን ትወዳት ነበር።

ሌላው ወደ ቤታችን የሚመላለሰው ሰው አናጢው ነው። የመድረኩን በር፣ ደረጃና መስኮት የሚሠራው እሱ ነበር። ዝምተኛ፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ ያለበት ሰውዬ። ለመድረኩ የኛን የሳሎን በር የሚመስል በር ይሠራ ብሎ አባቴ ስላዘዘው ሊለካ መጣ። በማግስቱም ሊለካ መጣ። ከዚያም መጣ። እትዬ የሜትሩን አንድ ጫፍ ትይዝለታለች፤ እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይለካል። እኔ ሰውዬው ቁጥር የማይያዝለት ደነዝ መሰለኝ።

«ያንኑ በር ስንት ጊዜ ነው የሚለካው?» ብዬ እማዬን ጠየቅኳት።

«በሩ እያደገ ይሆናል» አለችኝና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

በሩን ሄጄ አየሁት። ያው ነው።

ከዚያ ጆሮ ደግፍ ያዘኝና ፊቴ ዱባ አክሎ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። የኔን አልጋና የአባቴን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ሰው ቢያዛጋ እዚህ ይሰማል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናብ እየዘነበ የአባቴና የእትዬ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

«አናጢ» አለ አባቴ። «ነገ ጣቱን መጋዝ ቢቆርጠውስ?»

«በተረፈው ጣት ሠርተን እንበላለን።»

«የእናትና የአባታችን አደራ አለብኝ።»

«አደራህን ተወጥተሃል፤ አሳድገኸኛል። አሁን መርቀህ ሸኘኝ። ሥራ ያገኘበት ከተማ ሩቅ ነው፤ ቴአትሩ የሚከፈት ዕለት ይሄዳል። አብሬው ልሂድ።»

«ከዚህ ቤት ከወጣሽ ወንድም የለሽም። ቁርጥሽን እወቂ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ከዚያ እትዬ ሳትጮህ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

«ወንድምጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትጠራኝ አቤት ስል ኖሬያለሁ። ውሃ አምጪ፣ አቤት። ይህን ጻፊ፣ አቤት። ይህን አንብቢ፣ አቤት። አንድ ቀን እኔ ጠርቼህ አቤት ብለኸኝ ታውቃለህ? ዛሬ እኔ ልጥራህ። ወንድምጋሼ ስልህ አቤት በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጠበቅኩ። እሷም ስትጠብቅ ይሰማኝ ነበር። አባቴ መልስ አልሰጠም። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፣ ብዕርም ወረቀት ላይ ሲሮጥ ሰማሁ።

እኔ ልምምድ መሰለኝ። እንዲህ ባስብ ምን ይፈረድብኛል፤ ከሁለቱ አፍ ስሰማ ያደግኩት የቴአትር ቃል ነው። ደግሞም ድኜ ወደ ልምምዱ አዳራሽ የተወሰድኩ ዕለት፣ መሪዋ ተዋናይት ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ስትል ሰማሁ። የተለወጠው «ወንድምጋሼ» የሚለው ብቻ ነው፤ «አባባ» ሆኗል። ደስ አለኝ። አባቴና እትዬ ተጋግዘው ለዚያች ምስኪን ልጅ አፍ አገኙላት አልኩ።

ማታ እማዬ ልብስ ስትተኩስ፣ «እትዬ ግን ከተዋናይቷ ትበልጣለች፤ እሷ ስትለው ያስፈራል» አልኳት።

«የት ሰማሻት?»

«እቤት ሲለማመዱ ነዋ። ዝናብ የዘነበ ቀን።»

እማዬ ካውያውን የአባቴ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ እንደያዘች ቀረች። ኮሌታው መሽተት ሲጀምር ነው ያነሳችው።

«አዎ» አለች። «ልምምድ ነበር።»

ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እህቱ አቤት በለኝ ብላ ስትለምነው ብዕር አነሳ። ከዚያም ያን ወረቀት ለሌላ ሰው አልሰጠም፤ በታይፕ ምቺልኝ ብሎ ለእሷ ሰጣት። መታችለት። አንድ ፊደል አልሳተችም። ልምምዱ ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አባቴም መሐረቡን አውጥቶ አለቀሰ፤ የውሸት አልነበረም፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። መድረክ ላይ ላለችው ልጅ አዘነ። ያቺው ልጅ እግሩ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ቃል ታቀብል ነበር።

ጉድጓዱ የምንለው የአስታዋሿን ቦታ ነው። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከወለሉ ሥር የተቆፈረች ጠባብ ነገር ናት፤ ላይዋ በትንሽ የእንጨት ክዳን ተጋርዷል። ከዚያ ውስጥ ሆኖ የሚታየው እግር ነው። እኔ ተዋንያኑን ከፊታቸው ይልቅ በጫማቸው ለይቼ አውቃቸው ነበር። ተረከዝ ያለው ቀይ ጫማ የመሪዋ ተዋናይት ነው፤ ቄንጤ ነበር የምንላት። ፊቷ ላይ ያልተጻፈ ስሜት የለም፣ ጭንቅላቷ ግን ቃል አይዝም። አናጢው ለእትዬ ክርኗን የምታሳርፍበት ስፖንጅ ያለው መደገፊያ ሠርቶላት ነበር፤ እኔ በዚያ መደገፊያ እቀና ነበር። ከኋላ ደግሞ ወደ አናጢው መሥሪያ ክፍልና ወደ ጓሮ የምታወጣ አጎንብሰው የሚያልፉባት በር አለች።

እትዬ ሥራዋን አስተምራኛለች። አስታዋሽ ሙሉውን አትናገርም። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ በትንፋሽ ትሰጥና ትጠብቃለች፤ ቀሪው ከሰውየው መምጣት አለበት። «ሁሉን ከሰጠሻቸው ይሰንፋሉ» ትለኛለች። «ባይመጣላቸውስ?» ስላት፣ «የያዙት ከሆነ ይመጣል» ትላለች።

ቴአትሩ የተከፈተው እሑድ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። አባቴ ከፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ እትዬ አጠገብ ሆኜ፣ ዞር ስል በክዳኑ ስንጥቅ አየዋለሁ። ሳይጀመር እማዬ በጓሮ በኩል መጥታ ቀይ ማንገቻ ያለው ቦርሳ እትዬ አጠገብ አስቀመጠችና አቀፈቻት። ረጅም ጊዜ አቀፈቻት። እኔ ቦርሳው ለቴአትሩ የሚያስፈልግ ዕቃ፣ እቅፉ ደግሞ የመክፈቻ ቀን ፍርሃት መሰለኝ። ትንሿ በር አዲስ የማጠፊያ ዘይት ትሸታለች። ጠዋት አናጢው ቀብቷት ነበር።

ሁሉም ደህና ሄደ። ቄንጤ ቃል ሲጠፋት ቀይ ጫማዋን ወደኛ ታዞራለች፣ እትዬ አንዲት ቃል ትተነፍሳለች፣ ጫማው ይመለሳል። ከዚያ አባትየው «አይሆንም» የሚልበት ቦታ ደረስን። ተናገረውና ጀርባውን ሰጣት። አሁን የቄንጤ ተራ ነው፤ የመጀመሪያዋ ቃል «አባባ» ናት። ቀይ ጫማው ወደኛ ዞረ።

እትዬ ጣቷን ቃሏ ላይ እንዳደረገች ዝም አለች። ዞር ብላ በክዳኑ ስንጥቅ ወደ አባቴ አየች። ከዚያ ያችን ገጽ ከጽሑፉ ላይ ቀስ ብላ ገንጥላ አጣጠፈቻትና ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት። ግንባሬን ሳመችኝ፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር።

«እዚሁ ተቀመጪ፤ ድምፅ እንዳታሰሚ» አለችኝ።

ቦርሳውን አንሥታ አጎነበሰች። በሯ ሲጥ አላለችም።

እኔ አንድ ስሕተት አግኝታ ልታሳርም የሄደች መሰለኝ። ላይ ግን ማንም አይናገርም። ቄንጤ ትንሽ ጎንበስ አለችና ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ። እትዬን ስትፈልግ ያገኘችው እኔን ነው፤ ከነተረፈው የጉንጬ እብጠት። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም፤ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ፊት ነበር። ወደ አባትየው ዞረች፤ እሱ ጀርባውን እንደሰጣት ነው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። እንባዋ መውረድ ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ወንዶች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቄንጤ ሌላ የምታደርገው ሲጠፋት አንገቷን ደፍታ በአናጢው በር ወደ ወንዙ ወጣች። ልክ እንደ ጥንቱ ታሪክ፣ አንድ ቃል ሳትመልስ።

ቴአትሩ ሲያልቅ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። አባቴ ሲነሣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ መድረኩ ላይ እስኪደርስ ግን ቀለሙ ተመለሰለት። ሰዎች እጁን እየጨበጡ ያን ዝምታ እንዴት አሰብከው ይሉታል። «ቃል ያንሳታል ብዬ ንግግሩን አወጣሁት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ያን ታሪክ እንደገና ያደሰ ሁሉ፣ በሬዲዮም በፊልምም፣ ዝምታውን ሳይነካ ይወስደዋል። ተማሪዎች ይጽፉበታል። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ደንበኞቼ ልጁ መሆኔን ሲያውቁ መጀመሪያ የሚያነሡልኝ ያን ዝምታ ነው። ሳል መድኃኒታቸውን ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ።

ያን ማታ የእትዬ አልጋ ባዶ ነበር። «እትዬስ?» ስል አባቴ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሣ» አለ። እማዬ ቀና አላለችም። በሚቀጥሉት ቀናት ማንም አላነሣት። ልብሶቿ ከግድግዳው ላይ ወረዱ፣ የሷ ኩባያ ቁም ሣጥን ላይ ተገለበጠ።

እኔ ታሪኩን አውቀው የለ። አባት አይሆንም ይላል፣ ልጅ ዝም ብላ ትወጣለች፣ ውሃ ይወስዳታል። ሌላ መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴም ሁሉን ሲለውጥ ወንዙን አልለወጠም። እትዬ ሞተች ብዬ ደመደምኩ። ከሁሉም የጠላሁት አናጢውን ነው፤ እሱም ጠፍቷልና ምናልባት ተከትሏት ገብቷል ብዬ ቆይቼ ይቅር አልኩት። ትምህርት ቤት ስሄድ ድልድዩ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ሰው ገጭቼ ወደቅኩና ጉልበቴን ይዤ ሳለቅስ እማዬ ደረሰች።

«እትዬ እዚህ ውስጥ ናት» አልኳት፣ ወደ ውሃው እያሳየኋት።

እማዬ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። «ወይ ልጄን። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ታስቢ ነበር?» አለችና ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። «አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የሄደችው። ሩቅ ከተማ ናት፣ በሕይወት አለች፣ አርግዛለች። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቴን ሥራ እንደ ድሮው አላየሁትም። አባቴ የማያውቀው መጨረሻ አለ፤ ልጅቷ አውቶቡስ የምትሳፈርበት።

እትዬ ደስ ብሏት ኖረች ብዬ ግን አላጋንንም። አናጢው ለጥቂት ዓመታት መጠጥ አብዝቶ ነበር አሉ፣ ከዚያ ተወ አሉ። እሷ የሰው ማመልከቻ በታይፕ ስትመታ ወገቧ ጎበጠ። እማዬ ስትሞት እትዬ ለቀብር መጥታ ከበር ውጭ ቆማ አልቅሳ ሄደች፤ አባቴ እያያት ፊቱን አዞረ። እሷም አልጠራችውም።

አባቴ አርጅቶ አልጋ ሲይዝ የማስታምመው እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ፣ «እህቴን ጥሪልኝ» አለኝ።

ወዲያው ስልክ ደወልኩላት። ይቅርታ ሊጠይቃት ነው ብዬ አመንኩ። ትልቅ ሰው ሆኜም፣ ፀጉሬ ሸብቶም፣ አሁንም እንደ ልጅነቴ ተሳስቼ ነበር።

እትዬ በማግስቱ ደረሰች። ፀጉሯ ጥጥ መስሏል፤ በእጇ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። የሳሎኑን በር ስታልፍ መቃኑን በመዳፏ ነካ አደረገችው። አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ብዕርና ወረቀት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃታል። ሰላምታ አልሰጣትም።

«ያቺ ገጽ አለችሽ?» አላት።

«የቷ?»

«ንግግሯ። ሥራዎቼን በአንድ መጽሐፍ ሊያወጡልኝ ነው። ከዝምታው በፊት ምን ነበር ይሉኛል። የቀረው ቅጂ ሁሉ ጠፍቷል፤ ሌላ ልጽፍ ሞከርኩ፣ አይመጣም። እሷን የሚያህል አልመጣልኝም።»

ከአልጋው ጎትቼ ባወርደው ደስ ባለኝ። ለዚህ ብለህ ነው ወይ ልለው አፌን ስከፍት እትዬ እጇን አንሥታ አስቆመችኝና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ገጿ የለችም» አለችው። «እዚያ በደረስን የመጀመሪያው ክረምት እንጨቱ ረጥቦ እሳት እምቢ ሲለኝ አቀጣጠልኩባት።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቃሉን ግን አልረሳሁትም።»

ዓይኑን ገለጠ። «በይኝ እስቲ» አለና ብዕሩን አነሣ።

«ብዕሩን አስቀምጥ።»

አየት አደረጋት። ሊከራከር ፈልጎ ነበር፣ አቅም አጣ። እሷ ብዕሩን ከጣቶቹ መሐል አውጥታ ከወረቀቱ ጋር ለኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ እንደ ድሮው፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚደርስ ትንፋሽ።

«ወንድምጋሼ» አለች።

ይህን ብላ ጠበቀች። ሌላ ቃል እንደማትጨምር አውቄያለሁ፤ አስታዋሽ የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የምትሰጠው። የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ብዕሩን ፈለገ፣ አላገኘውም። ውጭ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይጮኻሉ። በጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀይ ጫማ የማይ መሰለኝ፤ ይኸው ዳግመኛ ዝም ሊባል ነው አልኩ።

«አቤት» አለ አባቴ።

ንግግሩን አስታውሶ ይሁን፣ ወይስ ሰው ሲጠራው እንደሚመልስ ሰው መልሶ ይሁን፣ አላውቅም። እትዬ አልጠየቀችውም። መደገፊያዋ ላይ እንዳለች ሁሉ ክርኗን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ግንባሯን በእጇ ያዘች። ያን ዝናብ የዘነበ ቀን ሌላ ምንም አልፈልግም ብላው ነበርና፣ ሌላ ምንም አልተናገረችም።